119 ጥይት፦ ሦስት ኦስፕሬዮች ቦር ሳያርፉ የተመለሱባት ቅዳሜ (የጉዳይ ጥናት)

አዘዞ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ ቡና የምታፈላ አንዲት ሴት አለች። ከሰዓት በኋላ ከረከቦቷ ዙሪያ በርጩማ ስበው የሚቀመጡት አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ናቸው። እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። እዚያ የምሄደው ለቡናው ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። የምሄደው ለክርክሩ ነው።

አንድ ቀን አንድ ወጣት በስልኩ ቪዲዮ አሳየን። በክንፎቹ ጫፍና ጫፍ ሁለት ግዙፍ ፕሮፔለሮች የተተከሉበት፣ ኦስፕሬይ (ቪ-22) የሚባል አውሮፕላን እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ትንሽ ቆይቶ ሞተሮቹን ወደ ፊት ያጋድምና እንደ አንቶኖቭ ይነጉዳል። ከመካከላችን ዕድሜያቸውን ሄሊኮፕተር ሲጠግኑ የኖሩ አንድ መካኒክ አሉ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩትና መለሱለት።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ አሜሪካኖች ለልዩ ዘመቻ የሚጠቀሙበት ነው» አላቸው ልጁ።

«ይጠቀሙበታ! የት ሄዶ፣ ምን ሠርቶ፣ እንዴት ተመለሰ? እሱን ንገረኝ።»

ልጁ መልስ አልነበረውም፤ እኔም አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያመጣው ያ ጥያቄ ነው። የመረጥሁት ጉዳይ በዓለም ዘንድ ብዙ ያልተወራለት፣ ለእኛ ግን የጎረቤት ጉዳይ የሆነ ነው፤ በደቡብ ሱዳን ቦር ከተማ ላይ የደረሰው። ከጎንደር እስከ ቦር በቀጥታ መስመር ቢለካ 960 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጉዳዩን ቀኖች በእኛ አቆጣጠር፣ የአውሮፕላኑን ታሪክ ደግሞ በአውሮፓውያኑ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ይታወቅልኝ፦ እኛ አገር «ልዩ ኃይል» ሲባል የክልል ታጣቂ ነው ቶሎ ትዝ የሚለን። እዚህ ላይ የማወራው ስለ ሌላ ነው፤ በጥቂት ሰው፣ በጨለማ፣ ከሰፈሩ እጅግ ርቆ ሄዶ አንድ ነገር ፈጽሞ ስለሚመለስ ጦር። «ልዩ ዘመቻ» ያልሁት ለዚያ ነው።

ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም፣ እሑድ ማታ፣ ጁባ ውስጥ በፕሬዚዳንቱ ጠባቂ ጦር አባላት መካከል ተኩስ ተከፈተ። በሦስተኛው ቀን ጦርነቱ ከጁባ በስተ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነጭ ዓባይ ዳር የተቀመጠችው ቦር ደረሰ። የጆንግሌ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ከመንግሥት ጦር የከዱት ጄኔራል ፒተር ጋዴት ሰዎች ከተማዋን ያዟት። ሕዝቡ ወደ ዱርና ወደ ወንዙ ማዶ ተበተነ፤ ሺዎች የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ግቢ ውስጥ ተጠለሉ። የውጭ አገር ዜጎችም ከእነሱ ጋር ነበሩ። ግቢ ማለት ግን መጠለያ ማለት እንዳልሆነ በማግሥቱ ታየ፦ ታኅሣሥ 10 ቀን ከእኛው ጋምቤላ ወሰን አጠገብ ያለችው አኮቦ ላይ የነበረው የሰላም አስከባሪዎች ሰፈር ተወርሮ ሁለት ሕንዳውያን ወታደሮች ተገደሉ።

አሜሪካ ዜጎቿን ከቦር ለማውጣት የወሰነችው በዚህ መካከል ነው። ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12፣ 46 ያህል ወታደሮች ተንቀሳቀሱ፤ ቁጥሩ የተጠቀሰው ፕሬዚዳንት ኦባማ በማግሥቱ ለምክር ቤቱ በላኩት ደብዳቤ ነው። የተጫኑት በሦስት ሲቪ-22 ኦስፕሬዮች ነበር፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ልዩ ዘመቻ ክፍል በሚጠቀምበት የቪ-22 ዓይነት። ጉዞው ከጅቡቲ እስከ ቦር 790 የባሕር ማይል፣ በእኛ ልክ 1,460 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሦስት አገሮችን ሰማይ የሚያቋርጥ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ አውሮፕላኑ ለምን እንደተሠራ የሚነግረን ይኸው ርቀት ነው። አዘዞ ያሉ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁትን ሚ-8 ሄሊኮፕተር አስቡት። በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ያንን መንገድ ለመጨረስ ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፤ በመካከል ቢያንስ ሁለት ጊዜ ወርዶ ነዳጅ መቅዳት አለበት። የት ይውረድ? ማን ይጠብቀው? በአንጻሩ ሲ-130 የተባለው የጭነት አውሮፕላን ርቀቱን ይችለዋል፤ ግን ማረፊያ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሜዳው በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦስፕሬይ በሰዓት ወደ 446 ኪሎ ሜትር ስለሚበር ያንኑ መንገድ በሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይጨርሰዋል፤ ነዳጅ ቢያንሰው አየር ላይ እንዳለ ከታንከር አውሮፕላን ይቀዳል፤ ሲደርስ ደግሞ ማረፊያ ሜዳ አያሻውም።

ይህ ፍላጎት የተወለደው ከአንድ ውርደት ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 1972 ዓ.ም አሜሪካ ቴህራን ኤምባሲዋ ውስጥ የታገቱ ሰዎቿን ለማስለቀቅ ስምንት ሄሊኮፕተሮች ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አስነሣች። መሐል በረሃ ወዳለው መገናኛ ቦታ የደረሱት ስድስት ናቸው፤ ለሥራ ብቁ ሆነው የተገኙት አምስት። ዘመቻው ተሠረዘ። ሊመለሱ ሲሉ አንዱ ሄሊኮፕተር ነዳጅ ከጫነው ሲ-130 ጋር ተጋጭቶ ስምንት ሰው ሞተ። «በአንድ ሌሊት ሄዶ፣ ሰው አንሥቶ፣ ሳይነጋ የሚመለስ ነገር ቢኖረን» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ጎልቶ ወጣ። ሐሳቡ ለአሠሪዎቹ አዲስ አልነበረም፤ ቤል ኩባንያ ኤክስቪ-15 የተባለ ሞተሩን የሚያዘነብል የሙከራ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1977 አብርሯል። ቪ-22 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1989 ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሃያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ወደ ፊት ሲል ኖረ፤ የልዩ ዘመቻው ሲቪ-22 ለሥራ ብቁ ነው የተባለው በ2009 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሩ ውጭ የተሰማራውም አፍሪካ ውስጥ ነበር፤ በ2008 ለወታደራዊ ልምምድ ማሊ ሄዶ።

አሠራሩን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በሁለት መሀረብ ነው፤ እዚህ ግን በቁጥር ልሞክር። በክንፉ ጫፍና ጫፍ ያሉት ፕሮፔለሮች እያንዳንዳቸው 11.6 ሜትር ይሰፋሉ። ሞተሮቹ ከእነ ቤታቸው ነው የሚዘነበሉት፤ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ሄሊኮፕተር፣ ሲጋደሙ አውሮፕላን። አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው ሁለቱንም ፕሮፔለሮች እንዲያዞር በክንፉ ውስጥ የሚያልፍ ዘንግ ያገናኛቸዋል። ዘዴው ያማረ ነው። ዕዳውም አብሮ ይመጣል።

ዕዳው እንዲህ ነው። ሚ-8 የ21.3 ሜትር ሮተሩ፣ ማለትም ከላይ የሚሽከረከረው ክንፉ፣ የሚጠርገው ስፋት 356 ካሬ ሜትር ነው፤ ክብደቱ ቢበዛ 12 ቶን። ስለዚህ አንዱ ካሬ ሜትር የሚሸከመው 34 ኪሎ ያህል ነው። ኦስፕሬይ ሁለቱ ፕሮፔለሮቹ ተደምረው 211 ካሬ ሜትር ብቻ ይጠርጋሉ፤ ቀጥ ብሎ ሲነሣ የሚፈቀድለት ክብደት ግን 23.8 ቶን ነው። አንዱ ካሬ ሜትር 113 ኪሎ ይሸከማል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እንደ ሄሊኮፕተር ሰፊ ሮተር ቢሰጠው እንደ አውሮፕላን መፍጠን አይችልም፤ እንደ አውሮፕላን ጠባብ ቢደረግ መሬት ለቆ መቆም አይችልም። መካከል ላይ ተቀመጠ። ጋሼ በሁለት ዛፍ የመሰሉት ይህንን ሳይሆን አይቀርም፤ በምሳሌው ሊስቅ የሞከረ ሰው ሁሉ ስሌቱን ቢያየው ዝም ይላል።

ያ ሁሉ ክብደት በጠባብ አየር ላይ ሲቆም፣ አየሩ ወደ ታች በኃይል ይገፋል። በክፍል የምናስተምረው ቀላል ስሌት ከሚ-8 ሮተር ሥር አየሩ በሴኮንድ 11 ወይም 12 ሜትር ይወርዳል ይላል፤ ከኦስፕሬይ ሥር 21 ሜትር። የደምብያን አውድማ በታኅሣሥ ያየ ሰው ይህን መገመት አያቅተውም። ነፋስ ሲነሣ ገበሬው መንሹን ከፍ ያደርጋል፤ ገለባው ይሄዳል፣ እህሉ ይቀራል። ኦስፕሬይ አውድማ ላይ ቢወርድ ግን እህሉም፣ ገለባውም፣ የክምሩ ክዳንም አይቀርም። ደረቅ መሬት ላይ ሲወርድ የሚያስነሣው አቧራ አብራሪውን ራሱን ያሳውረዋል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2000 አሪዞና ውስጥ ማራና ላይ አንድ ኦስፕሬይ ሊያርፍ ሲል ፍጥነቱን ሳያመጣጥን ቶሎ ወረደና አንደኛው ፕሮፔለር ራሱ ባወረደው አየር ውስጥ ገባ። ገፍቶ የሚነሣበት አየር አጣ፤ አውሮፕላኑ ተገልብጦ 19 የማሪን (የባሕር እግረኛ) ጦር ወታደሮች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የተሰጠው መመሪያ አሁንም የሚጠቀስ ነው፦ ፍጥነቱ ከ40 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ74 ኪሎ ሜትር፣ በታች ሲሆን በደቂቃ ከ800 ጫማ በላይ አትውረድ። በሴኮንድ አራት ሜትር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ቦር ላይ እንፈልገዋለን። ከጅቡቲ ቦር ሦስት ሰዓት የተሮጠበት ፍጥነት፣ መጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ እንደ ማንኛውም ሄሊኮፕተር ተግ ማለት አለበት። 

አሁን ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ።

ሦስቱ አውሮፕላኖች ወደ ቦር ሲቃረቡ ከመሬት ተኩስ ተከፈተባቸው። ሚሳይል አይደለም፤ እኛ አገር ማንም የሚያውቀው ዓይነት ቀላል መሣሪያ ነው። ኋላ ሲቆጠር ሦስቱን በድምሩ 119 ጥይት መቷቸዋል። አራት ሰዎች ቆሰሉ። ሦስቱም ላይ ነዳጅና ሃይድሮሊክ (መቆጣጠሪያዎቹን በግፊት የሚያንቀሳቅሰው ዘይት) መፍሰስ ጀመረ፤ የመቆጣጠሪያ ሥርዓታቸውም ተጎዳ። አላረፉም። ዞሩ።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሲኒውን አስቀመጡት። «ሃይድሮሊኩ ፈሶ?» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ከዚያ ስንት በረሩ?»

«500 ማይል። ወደ 800 ኪሎ ሜትር። ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ድረስ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ የአክብሮት ነገር አየሁ። ሃይድሮሊክ ማለት ለሄሊኮፕተር የደም ሥር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚደነግጠው። ቀጥዬ አስረዳኋቸው፦ ቪ-22 እርስ በርሳቸው የማይነካኩ ሦስት የሃይድሮሊክ መሥመሮች አሉት፤ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው ይተካል፤ ትእዛዙን ከአብራሪው እጅ ወደ ክንፉ የሚያደርሰው ኮምፒውተርም ሦስት ነው። የነዳጁ መፍሰስ ግን ምትክ የለውም። መፍትሔው እየፈሰሰ መቅዳት ነበር። በመንገዳቸው አብረዋቸው ከሚበሩ የልዩ ዘመቻ ታንከሮች፣ እየፈሰሰባቸው፣ ደጋግመው አየር ላይ ነዳጅ ቀዱ። በተቀደደ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው፤ ልዩነቱ እንስራው በሰዓት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው። ኢንቴቤ ሲደርሱ ቁስለኞቹ ወደ ሲ-17 የጭነት አውሮፕላን ተዛውረው ናይሮቢ ተወሰዱ። አራቱም በሕይወት ደረሱ።

ለዚህ በረራ አብራሪዎቹና ባልደረቦቻቸው የ2013ን የማካይ ዋንጫ አግኝተዋል፤ የአሜሪካ አየር ኃይል በዓመቱ ለተፈጸመ ታላቅ በረራ የሚሰጠው የቆየ ሽልማት ነው። የመጥሪያ ስማቸው «ሩስተር 73» ነበር፤ አውራ ዶሮ ማለት ነው። ሽልማቱ ይገባቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ የሽልማቱ ጽሑፍ ሰው የሚያስታውሰውን ክፍል ብቻ መያዙ ነው፤ ሲዘጋ የተዘጋው ኢንቴቤ ላይ ነው። እኔ ግን በማግሥቱ እሑድ የሆነውን ነው ይበልጥ ያየሁት።

ታኅሣሥ 13 ቀን አሜሪካውያኑ ከቦር ወጡ። ያወጧቸው ኦስፕሬዮች አይደሉም፤ የተባበሩት መንግሥታት ሄሊኮፕተሮችና የአሜሪካ ሲቪል ሄሊኮፕተሮች ናቸው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ቃል አቀባይ በዚያው ቀን ያወጡት መግለጫ ዋናውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዞታል፦ አሜሪካና የቦርን አየር ማረፊያ የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት የተባበሩት መንግሥታት፣ የሚዋጉት ወገኖች በረራዎቹ ለሰብአዊ ሥራ መሆናቸውን እንዲያውቁ አስቀድመው እርምጃ ወስደዋል። በሌላ አነጋገር፣ ተደወለ። ለሚመለከታቸው ሁሉ ተነገረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሄሊኮፕተር ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ ልዩነት አላመጣም። በዚያን ቀን አሜሪካ ከደቡብ ሱዳን በጠቅላላው ያወጣቻቸው ሠራተኞቿና ዜጎቿ ወደ 380 ደርሰው ነበር፤ ከሌሎች አገሮችም ወደ 300 ሰው።

እንግዲህ ጉዳዩ ምን ይላል? ሁለት ሰዎች አንድን ወረቀት አንብበው ሁለት ነገር ይወጣቸዋል። የመጀመሪያው ሰው፣ «አውሮፕላኑ ድንቅ ነው፤ 119 ጥይት በልቶ 800 ኪሎ ሜትር በረረ» ይላል። እውነቱን ነው። ሁለተኛው፣ «ተልእኮው አልተፈጸመም፤ በኋላ በተራ ሄሊኮፕተር ተፈጸመ» ይላል። እሱም እውነቱን ነው። የእኔ ንባብ ግን ከሁለቱም ትንሽ ይለያል። ኦስፕሬይ የተሠራው ርቀትን ለማሸነፍ ነው፤ ቦር ላይ ርቀቱን አሸንፏል፣ ሲሄድም ሲመለስም። የቦር ችግር ግን የርቀት ችግር አልነበረም። የመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ችግር ነበር፦ ከታች ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተነገረው፣ የሚመጣው አውሮፕላን የማን እንደሚመስለው። በማግሥቱም ጥይቱ እዚያው ነበር፤ ያልነበረው መደናገሩ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ዓይነት ቀን ይመስለኛል፤ ፍጥነቱ እንደ ሳር ለምለም ነው፣ ያጓጓል። አቅዶ የላካቸው ሰው «በሦስት ሰዓት እንደርሳለን» ሲል፣ «ደርሰን ማን ይቀበለናል?» ለሚለው ጥያቄ የሚቀረው ጊዜ በዚያው ልክ ያጥራል። ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ሄሊኮፕተር ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ስልክ ለማንሣት ጊዜ ያገኝ ነበር ብዬ መሟገት እችላለሁ፤ ጋሼ እዚህ ላይ «አሁን አበዛኸው» ብለውኛል፣ ሳላበዛውም አልቀርም።

ጎንደር ሰውን በአየር ስለማውጣት የሚያውቀው ነገር አለ። ወለቃ ዛሬ ሸክላና የመንገድ ዳር ዕቃ የሚሸጥባት መንደር ናት፤ የቤተ እስራኤሎቹ ቤቶች ግን አሁንም እዚያው ናቸው። በ1977 ዓ.ም መጀመሪያ ከዚህ አካባቢ በእግራቸው ሱዳን የገቡትን ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች እስራኤል ከካርቱም በሚስጥር በአውሮፕላን አወጣች። ሚስጥሩ በጋዜጣ ሲወጣ ሱዳን በረራውን አቆመች፤ አውሮፕላኑ አልተበላሸም፣ ፈቃዱ ነው የተበላሸው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም፣ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ወጣ። አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 ሰው በላይ ጭኖ ነበር። ደርግ እየወደቀ፣ ከተማው በታጣቂ ተከቦ፣ አንድም ጥይት አልተተኮሰባቸውም። ለምን? ስምምነት ነበር፤ 35 ሚሊዮን ዶላርም ተከፍሏል፤ ከተማውን የከበቡትም ያውቁ ነበር። ያገለገሉት አውሮፕላኖች መንገደኛና ዕቃ የሚያመላልሱ ነበሩ፤ ወንበራቸው ተነቅሎ።

ቡና ቤቱ ውስጥ ይህን ካወራን በኋላ ክርክሩ ወደ ጓዳችን ገባ። ልጁ፣ ያ ቪዲዮ ያሳየን፣ «እኛ ጋ ቢመጣስ? ሰሜን ተራራ ላይ ሰው ቢጠፋ፣ ቢቆስል?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱን በሰሌዳ ላይ ነው ያስረዳሁት፣ ማለትም በቡና ረከቦቱ ጀርባ በከሰል።

አዘዞ ማረፊያው ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ከተማው ትንሽ ይጨምራል። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው 81 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሳሳ አየር ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳው። አንደኛ፣ ያንኑ ክብደት ለመያዝ ፕሮፔለሩ አየሩን በበለጠ ፍጥነት መግፋት አለበት፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጉልበት በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ፍላጎት ሲጨምር አቅርቦት ይጎድላል። ሰፊ ሮተር ያለው ሄሊኮፕተር ትርፍ ስላለው ትንሽ ይታገሣል፤ ከመጀመሪያውም ጠባብ አየር ላይ የቆመው ኦስፕሬይ ግን ትርፉ ቶሎ ያልቃል። አምራቾቹ ራሳቸው ባወጡት መግለጫ አውሮፕላኑ ከመሬት ርቆ አየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም የሚችለው እስከ 5,400 ጫማ፣ ማለትም 1,650 ሜትር ገደማ ድረስ ነው። አዘዞ ከዚያ በላይ ናት። ጭነት ወይም ነዳጅ ካልቀነሰ አዘዞ ላይ እንኳን ተረጋግቶ አይቆምም። ደባርቅና ሊማሊሞን እንርሳ፤ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ፣ አየሩ 63 በመቶ ብቻ ነው። እዚያ ሰው ለማንሣት ባዶውን የሚመጣ ቀላል ሄሊኮፕተር ይሻላል። ወይ በቅሎ።

ሞተሩ ተጋድሞ እንደ አውሮፕላን ሲበር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ክንፉ ስለሚሸከመው ከራስ ዳሸን በላይ በምቾት ያልፋል። 25,000 ጫማ ድረስ ይወጣል። ያው እንግዲህ፣ መድረስ አያቅተውም፤ መውረድ ነው የሚከብደው። ቦር ቆላ ናት፣ ከባሕር ወለል 400 ሜትር ገደማ፤ ስለዚህ የአየሩ መሳሳት እዚያ ችግር አልነበረም። ግን ከተራራውም ከጥይቱም የመጣው ጥያቄ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚገናኘው፦ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን የሚያጣበት ቦታ ላይ።

ከቦር በኋላ ልዩ ዘመቻው ክፍል ያደረገው ነገር የሚጠበቅ ነው፤ ወለሉንና ጎኑን ጥይት በሚያስቆሙ የጋሻ ሰሌዳዎች የሚሸፍን ተጨማሪ ዕቃ አዘጋጀ። ጋሻው እንደ አስፈላጊነቱ የሚገባና የሚወጣ ነው። የሚወጣበትም ምክንያት አለው፤ ጋሻ ክብደት ነው፣ ክብደት ደግሞ ከዚያው ከ211 ካሬ ሜትር ላይ ነው የሚቆረጠው። ጋሻ ያደረገ አውሮፕላን ጥቂት ሰው ይጭናል ወይም ዝቅ ብሎ ይሠራል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ «ሚ-8 ላይም ብረት አንጥፈን ነበር፤ ብረቱን አንጥፈን ሰውየውን እናወርዳለን» አሉ።

ሌላው የኦስፕሬይ ታሪክ ረጅም ነው፤ እዚህ ብዙ አልዘረዝረውም። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጃፓን ያኩሺማ ደሴት አጠገብ አንድ ሲቪ-22 ወድቆ ስምንቱም ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ከግራው ፕሮፔለር ማርሽ ሳጥን ውስጥ አንድ ማርሽ መሰንጠቁ ነበር፤ ምርመራው ደግሞ ከሳጥኑ ውስጥ የብረት ቅንጣት እንዳለ ማስጠንቀቂያ ተደጋግሞ እያዩ መብረራቸውን መቀጠላቸውንም እንደ ምክንያት አስቀምጧል። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኖቹ በሙሉ ሦስት ወር መሬት ላይ ዋሉ። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ በ2022 የአሜሪካ ምድር ጦር ብላክሆክ የተባለውን ሄሊኮፕተር የሚተካ ብሎ የመረጠው ቪ-280 እሱም ቲልትሮተር፣ ማለትም ፕሮፔለሩን የሚያዘነብል አውሮፕላን ነው። ትልቁ ለውጥ ሞተሮቹ ተጋድመው መቅረታቸውና ፕሮፔለሮቹ ብቻ መዘንበላቸው ነው።

ቦርን መንግሥት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 15፣ መልሶ ያዛት፤ ከዚያም እንደገና ተነጠቀች። ተዋጊዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠው የተኩስ አቁም የፈረሙት ጥር 15 ቀን 2006 ዓ.ም ነው፤ ፊርማው ብዙም አልቆየም።

ጽሑፉን ጨርሼ ወደ አዘዞ ወሰድሁት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በሙሉ አነበቡት፤ አንድ ቦታ ላይ በብዕር ምልክት አደረጉ። የሃይድሮሊኩን ታሪክ፣ ወይም ማግሥቱን፣ ወይም የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር መስሎኝ ነበር። «ሚ-8 12 ቶን ብለሃል» አሉኝ። «እኛ የነበሩን በሙሉ ሚ-8 ብቻ አይደሉም። ሚ-17 ከሆነ 13 ነው። አስተካክል።»

ስሌቱን እዚያው ሠራሁት፤ አንዱ ካሬ ሜትር 36.5 ኪሎ ይሸከማል። «ያኔም ቢሆን ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ አይወርድም፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«እሱን አልጠየቅሁህም» አሉና ሦስተኛውን ቡና ጠየቁ።